የእንግዳ ኩባያ

እናቴ ሁለት ድምፅ ነበራት። አንደኛው የእኔና የአባቴ ነው፤ «እግርሽን ታጥበሻል?»፣ «በሩን ዝጉት፣ ብርድ ገባ!»፣ «ስንቴ ልናገር?» የሚለው። ሁለተኛው ውሻ ይዘው ለሚመጡ ሰዎች የተቀመጠ ነበር። ለስለስ ያለ፣ የማይቸኩል፣ ቆሞ የሚሰማውን ሰው ሳያስበው ወንበር ስቦ እንዲቀመጥ የሚያደርግ ድምፅ ነው። ልጅ ሳለሁ ያንን ሁለተኛውን ድምፅ የፈለግኩትን ያህል ምንም ነገር ፈልጌ አላውቅም። ብስክሌትም ቢሆን።

እናቴ የእንስሳት ሐኪም ነበረች። ቀን ክሊኒክ ትውላለች፤ ከሥራ ስትመለስ ደግሞ የሰፈሩ ሰው ወደ ወጥ ቤታችን ይመጣል። የሚመጣው ውሻው ታሞበት አይደለም። ውሻውን ሊያስወልድ አስቦ፣ «እስቲ መጀመሪያ ዶክተርን ላማክር» ብሎ ነው። እሷም ማንንም ከበር መልሳ አታውቅም። ወንበር ትስባለች፣ ሻይ ትጥዳለች፣ ከዚያ እጇን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ሰድዳ ባለ ሰማያዊ አበባውን ኩባያ ታወርዳለች። ያ ኩባያ የእንግዳ ነው። እኔ የምጠጣው ጠርዙን በጥርሴ በበላሁት ቢጫ የፕላስቲክ ኩባያ ነበር። አበባውን አንድ ቀን ልነካው ብዬ ከወንበር ላይ ተንጠራርቼ በያዝኩት ጊዜ የተቆጣችኝ ቁጣ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

እንግዳው ሻዩን ሲይዝ እሷ ወለሉ ላይ ከውሻው አጠገብ ቁጭ ትልና ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች።

«እስቲ መጀመሪያ ስለ እሷ ንገሩኝ። ምን ትወዳለች?»

ሰውየው ይጀምራል። ኳስ ትወዳለች፣ መስኮት ላይ መቀመጥ ትወዳለች፣ የባለቤቴን ካልሲ ትሰርቃለች። እሱ ሲያወራ የእናቴ እጅ ቀስ እያለ የውሻዋን አንገት፣ ደረት፣ ሆድ፣ የኋላ እግር ይዳብሳል። እኔ ከጠረጴዛው ስር ሆኜ ያንን እጅ እከተላለሁ። ጥያቄው እንደሚያምር፣ እኔን ግን ማንም ስለ ምንም እንደዚያ ጠይቆኝ እንደማያውቅ እያሰብኩ እበግናለሁ።

የእኔ ውሻ ካልሲ ትባላለች፤ አራቱም እግሮቿ ነጭ ስለሆኑ ነው። እህቷ ሻሼ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ትኖራለች። የሁለቱም እናት የሰፈራችን አናጺ ውሻ ነበረች። አናጺው ማንንም ሳያማክር ውሻውን አስወለደና አንድ ቀን ጧት የሚንጫጫ ካርቶን ይዞ መጥቶ ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጠው። እኔ ስጦታ ያመጣልን መስሎኝ ጨፈርኩ። እናቴ ግን ፊቷን አጥቁራ ቡችሎቹን በጡጦ እያጠባች ከረመች፤ የቡችሎቹ እናት የት እንዳለች ስጠይቅም «ዘመድ ቤት ሄደች» አለችኝ። ዘመድ ቤት አልሄደችም። ምጥ ላይ ነበር የቀረችው። ይህንን የነገረኝ አባቴ ነው፣ እኔ ራሴ ወልጄ ከተነሣሁ በኋላ።

እናቴ ለቡችሎቹ ሁሉ በየቤቱ እየዞረች ቦታ ፈለገችላቸው። ካልሲ ለእኛ ቀረች፤ ሻሼ ከላይ ፎቅ ለምትኖረው ጥርስ ሐኪም ልጅ ተሰጠች። ያቺን ልጅ ሁላችንም ሪባን እንላት ነበር፤ ፀጉሯ ላይ ሪባን የሌለበት ቀን የለም። እኩያዬ ናት። ቀሚሷ አይጨማደድም፣ አፍንጫዋ አይፈስም፣ «እሺ» ስትል ሰው ሁሉ ይስቃል። አልወዳትም ነበር ብል ያንሳል።

አንድ ቀን ጥርስ ሐኪሟና ሪባን ሻሼን ይዘው መጡ። እኔና ካልሲ ከጠረጴዛው ስር ነን።

«ዶክተር፣ ልናስወልዳት አስበን ነው» አለች ጥርስ ሐኪሟ። «ልጅቷም ጓጉታለች። ደግሞ አንዴ ካልወለደች ትታመማለች ይሉኛል።»

«ብዙ ሰው እንደዚያ ይላል። ለእሷ አስበሽ መጠየቅሽ ደስ ይላል» አለች እናቴ፣ በዚያ ድምፅ። «ግን አይደለም፣ እህቴ። ሳትወልድ ብትኖር ምንም አይጎድልባትም። የሚያሰጋው እንዲያውም መውለዱ ነው። ምጡ እምቢ ካለ ቀዶ ጥገና አለ፤ እሷን ራሷን ልናጣት እንችላለን። ይህንን አውቀሽ እንድትወስኚ ብዬ ነው።»

«እኔ ግን ቡችሎች እፈልጋለሁ» አለች ሪባን።

እኔ ብሆን «ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ አትግቢ!» ነበር የሚጠብቀኝ። እናቴ ግን ዞር ብላ የሪባንን ጉልበት ያዘች። «አውቃለሁ፣ የኔ ቆንጆ። ማን የማይፈልግ አለ? ቡችሎቹ ግን ያድጋሉ። ሲያድጉ እነማን ቤት ይሆናሉ?»

«የሚወስድማ ሞልቷል!» አለች ጥርስ ሐኪሟ እየሳቀች። «መሥሪያ ቤት ያለው ሁሉ ለኔ ለኔ እያለኝ ነው።»

«እንግዲያው ይዘሻቸው ነይ።»

«እነማንን?»

«ለኔ ለኔ የሚሉትን። ሻይ እንጠጣ። እኔም ልወቃቸው። የሻሼንም ዳሌ በራጅ እናየዋለን፤ የእናት እግር ደህና ካልሆነ ልጆቹም ያንኑ ይዘው ነው የሚወለዱት።»

የኔ ቆንጆ! ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። የኔ ቆንጆ ያለቻት ሪባንን ነው። ከጠረጴዛው ስር የሪባንን ነጭ ጫማ እያየሁ፣ በጥርሴ ብይዘው ምን እንደሚመስል አሰብኩ።

ሲሄዱ ጊዜ አልፈጀሁም። ብቅ ብዬ «የኔም ካልሲ ትውለድ» አልኳት።

«አይሆንም» አለች እናቴ፣ ኩባያውን እያጠበች።

«ለምን?»

«አይሆንም አልኩ! ከመቼ ጀምሮ ነው ወለል ላይ በካልሲ የምትሄጂው? ነጠላ ጫማሽን አድርጊ።»

ሻይ የለ፣ ጥያቄ የለ፣ ቁጭ በይ የለ። ሪባን ቁጭ ብላ ተመከረች፤ እኔ ቆሜ ተባረርኩ። እንደ ልጅ ሒሳቤ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ እናቴ ለሪባን ቡችሎች እያዘጋጀችላት ነው፣ እኔን ግን ነፍጋኛለች።

ሰዎቹ በእርግጥም መጡ። ጥርስ ሐኪሟ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት ያለች የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ አንድ ወፍራም የጥርስ ቴክኒሻን፣ ሌላ ደግሞ እጮኛዋን ያስከተለች ነርስ። ወጥ ቤታችን ሞላ። እኔ የሻሼ የሠርግ ድግስ ነው ብዬ ደመደምኩ። እናቴ ብስኩት ገዝታ ነበር! እናቴ አንድ በአንድ «ቤትዎ ግቢ አለው?»፣ «ቀን ቀን ማን ይኖራል?»፣ «ክትባቱን ማን ያስከትባል?» እያለች፣ ሳትኮንን ሳትመጻደቅ ትጠይቃለች። ቴክኒሻኑ ኩባያውን እያሽከረከረ «እኔማ የምንቀልድ መስሎኝ ነበር» አለ። ነርሷ እጮኛዋን አየች፤ እጮኛዋ ጣሪያውን አየ። ከሁሉም የምሯን ሆና የተገኘችው የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ብቻ ናት፤ እሷም «ትልቅ ውሻ ቢሆን ነው የሚሻለኝ፣ ለቡችላ ጉልበት የለኝም» አለች። እናቴ ክሊኒክ ውስጥ ባለቤት አጥቶ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ውሻ እንዳለ ነገረቻት። እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ ይህንን ሁሉ ስሰማ የገባኝ፣ ለሪባን ሲባል ከተማው መሰብሰቡ ብቻ ነበር።

ሁሉም ሲሄዱ አባቴ ከማዕዘኑ አጉረመረመ። አባቴ ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያውን ሰክቶ ከመብራቱ ስር አጎንብሶ ይውላል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ገና በሩ ላይ ቁርጡን ብትነግሪያቸው ኖሮ ይሄ ሁሉ ሻይና ስኳር ይተርፈን ነበር።»

«ቁርጡን ብነግራቸው ተነሥተው ይወጣሉ» አለች እናቴ። «ይወጡና ያደርጉታል። የአናጺውን ካርቶን ረሳኸው? እኔ እንዲቀመጡልኝ ነው የምፈልገው።»

እንዲቀመጡልኝ ነው የምፈልገው። ይህቺን ይዤ እያለቀስኩ ተኛሁ። እኛንስ? እኛማ የተቀመጥን ነን። የትም አንሄድ። ዛሬ ሳስበው ያኔ ያለቀስኩት ለትክክለኛው ነገር ነበር፤ የተረጎምኩት ግን በግልባጩ ነው። እናቴ ያንን ድምፅ የምታወጣው ተነሥቶ ሊወጣባት ለሚችል ሰው ነበር። እኔ ላይ የምትጮኸው እንደማልወጣ ስለምታምን ነው።

ከዚያ ሻሼ ራጅ የተነሣችበት ቀን መጣ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ክሊኒኩ መንገዴ ላይ ነው፤ በመስታወቱ አየኋቸው። ሻሼ ብረት ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች። ጥቁሩ ፊልም መብራት ላይ ተለጥፏል። እናቴ ተንበርክካ ሪባንን አቅፋታለች። ሪባን ታለቅሳለች፤ እናቴም የራሷን፣ ያንን እኔ እንዳልነካው የተከለከልኩትን አረንጓዴ የአንገት ልብስ ይዛ አፍንጫዋን ታብስላታለች።

ቀናሁ። ከዚያ በፊት ቀንቼ አላውቅም እስክል ድረስ ቀናሁ። ሪባን በደስታ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ቡችሎቹ ተፈቀዱላት ብዬ። እናቴ ከፍ ዝቅ የሚለውን ጀርባዋን ስትዳብስላት ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ምን እንደምትላት ለመስማት ግንባሬን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩት፣ አልሰማሁም። አሁን አውቀዋለሁ። ሪባን ራሷ ነገረችኝ። «የሻሼ ዳሌ ታሟል፣ የኔ ቆንጆ። ብትወልድ ለልጆቿ ታወርሳቸዋለች፣ እሷም ትሰቃያለች። አንቺ አንድ ውሻ ብቻ ይኑርሽ፤ እሷን ደህና አድርገሽ ያዥልኝ» ነበር ያለቻት። የኔ ቆንጆ ማለት እንዲህ ያለ ነገር የሚከተለው ቃል መሆኑን ያኔ ማን ይንገረኝ?

በማግስቱ መላ መታሁ። የእናቴን ባለ ተረከዝ ጫማ አደረግኩ፣ የእጅ ቦርሳዋን አንጠለጠልኩ፣ ካልሲን በአባቴ ከረባት አሰርኳት። ከቤት ወጥቼ በሩን ዘጋሁና አንኳኳሁ።

እናቴ ከፈተች። ከሥራ መግባቷ ነበር፤ ዓይኗ ስር ድካም አለ። መጀመሪያ ያየችው ጫማውን ነው። አፏን ስትከፍት «ጫማዬን...» ልትል እንደሆነ አውቄ ቀደምኳት።

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር» አልኩ ድምፄን አወፍሬ። «ውሻዬን ላስወልዳት አስቤ ምክርዎን ፈልጌ ነበር።»

ከጫማው እስከ ከረባቱ አየችኝ። ከዚያ የአፏ ጫፍ ተንቀሳቀሰ።

«ይግቡ፣ እመቤቴ» አለች። «ይቀመጡ። ሻይ ይጠጣሉ?»

ወንበር ሳበችልኝ። እጇን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ሰደደች። ባለ አበባው ኩባያ ፊቴ መጥቶ ተቀመጠ፣ እንፋሎቱ እየወጣ፣ ስኳሩን ራሷ እያማሰለች። አባቴ ማጉያውን ሳያወልቅ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

እናቴ ወለሉ ላይ ከካልሲ አጠገብ ቁጭ አለች። ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይን ለዓይን።

«እስቲ መጀመሪያ ስለ እሷ ይንገሩኝ። ምን ትወዳለች?»

መጣልኝ። ያ ድምፅ ለእኔ መጣ። ብዙ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፣ ሁሉም ጠፋኝ።

«እኔን» አልኩ።

«እርስዎን መውደዷ አይገርምም» አለች እናቴ። እጇ የካልሲን ጆሮ፣ አንገት፣ ደረት ይዳብሳል። «ቡችሎቹንስ ማን ይወስዳቸዋል?»

«ሁሉንም እኔው ነኝ።»

«እናትዎ ይፈቅዳሉ?»

«እሷማ ሥራዋ መቆጣት ነው» አልኩ።

አባቴ ፈንድቶ ሳቀ። እናቴም ሳቀች፤ ያን ያህል ስትስቅ ያየኋት ጥቂት ጊዜ ነው። እየሳቀች እጇ ወደ ካልሲ ኋላ እግር ደረሰ። እግሯን አጠፈች፣ ዘረጋች። ካልሲ ዞር ብላ የእናቴን እጅ አየች፣ ላስ አደረገችው። እናቴ እንደገና አጠፈች። ሳቋ ቆመ። ሌላኛውን እግር ያዘች። እጇ እዚያው ቀረ።

እኔ ቀጣዩን ጥያቄ እየጠበቅኩ ነው። አባቴ ማጉያውን ከዓይኑ አወለቀ።

እናቴ ተነሣች። ገና ግማሹን ያልጠጣሁትን ኩባያ ከፊቴ አነሣችና ሻዩን ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው።

«በቃ። ጫማዬን አውልቂ። የቤት ሥራሽን ሥሪ።»

«ምክሩስ?»

«ምክሩ አይሆንም ነው! አይሆንም አልኩሽ እኮ! ስንቴ ልናገር?»

ኩም አልኩ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ኩባያውን ማጠብ ጀመረች፤ የታጠበውን መልሳ ታጥባለች። የውሃው ድምፅ አይቆምም። እኔ በተረከዙ ጫማ ውስጥ ቆሜ፣ የውሸት እንግዳ መሆኔ ተነቅቶብኝ እንደተባረርኩ ነው የገባኝ። ለሪባን የማያልቀው ድምፅ ለእኔ ግማሽ ኩባያ እንኳ አልበቃም።

ካልሲና ሻሼ የአንድ ሆድ ልጆች ናቸው። እናቴ ይህንን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ የሻሼን ፊልም ባየች ጊዜ ወደ ቤት መጥታ የእኛይቱን መዳበስ ነበረባት። አልዳበሰችም። ሐኪም ሆና ፈራች። እኔ በከረባት ጎትቼ እጇ ላይ እስካስቀመጥኳት ድረስ ሳታውቅ መቆየት ነበር የፈለገችው።

ከዚያ ወዲህ ካልሲን ደረጃ አታስወጣትም። ከሥራ ስትገባ ታች የምትጠብቃትን ውሻ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ይዛት ትወጣለች፣ እያቃሰተች። እኔም ቦርሳዬን እየጎተትኩ ከኋላቸው እወጣለሁ፣ በውሻዬም እየቀናሁ። ለምን እንደምትሸከማት ስጠይቅ «ደረጃውን በፀጉሯ እንዳታቆሽሸው ነው» ትለኝ ነበር። ካልሲ ብዙ ዓመት ኖረች፣ እያነከሰችም ቢሆን፣ እኔን እንደወደደች።

ሪባን ዛሬ ሪባን አታስርም፤ ስሙ ግን አብሯት ቀርቷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አግኝታኝ ስንሳሳቅ፣ «በአንቺ እንዴት እቀና ነበር!» አለችኝ። ይህ እኔ ልላት የሚገባኝ ነገር ነበር። «ከላይ ሆኜ ስትጮህብሽ እሰማ ነበር። እኛ ቤት ሁሉም ሰው በቀስታ ነበር የሚያወራው፤ አባቴ ትቶን ሊሄድ ሰሞን እንኳ በቀስታ ነበር። የእናትሽ ጩኸት ሲሰማኝ እዚያ ቤት ምንም ክፉ ነገር የለም ማለት ነው እል ነበር።» ሳቅኩባት። እኔም በአንቺ እቀና የነበረው ቀሚስሽ ስለማይጨማደድ ነው አልኳት።

በቅርቡ እናቴ ደወለችልኝ። «ብቅ በይ» አለች፤ ሌላ ምንም አላለችም። ሐኪም ቤት ተመላልሳ እንደነበር አውቃለሁ፤ «ምንም አይደለም፣ አታካብጂው» ብላ ያስተወችኝ ራሷ ናት። ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ። ውጭ ዝናብ ነበር።

ወጥ ቤቱ ያው ነው። አባቴ ማዕዘኑ ላይ ሰዓት ይዟል፤ ማጉያው ግን ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሰዓቱን እየጠገነው አልነበረም። ቀና ብሎም አላየኝም። እናቴ ውሃ ጥዳለች። ቀጥናለች። እጇን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ሰደደች፤ አልደርስ ሲላት በጣቷ ጫፍ ተንጠራራች። ባለ አበባው ኩባያ ወረደ። አጠበችው፣ አደረቀችው፣ እኔ በምቀመጥበት በኩል አስቀመጠችው።

«በዚህ አልጠጣም» አልኳት። «ያ ቢጫው የት አለ?»

«እሱማ ከተጣለ ስንት ዘመኑ፣ የኔ ቆንጆ» አለች።

ወለሉን አየሁት፤ ከበሩ ጀምሮ በጭቃ ጫማዬ ረግጬው መጥቻለሁ።

«እማዬ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የገባሁት» አልኳት። «ወለሉን እዪው። በሩንም አልዘጋሁትም።»

ወለሉን ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። ወንበር ሳበችልኝ። ስኳሩን ራሷ ጨምራ ቀስ ብላ አማሰለችው፤ ከዚያ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ጉልበቴን ያዘች።

«ግድ የለም፣ ይጸዳል። ቁጭ በይ» አለችኝ፣ በዚያ ድምፅ። «እስቲ መጀመሪያ ስለ ልጅሽ ንገሪኝ። ምን ትወዳለች?»

«አንቺን» አልኳት።